የልጄ ሚስት

«ሐዘን ነው የጨረሳት እንጂ ምን በሽታ ነበረባት?» አለች ጂቱ። ድምጿን ዝቅ ያደረገች መስሏታል፤ ሳሎኑንና የአራሷን ክፍል የሚለየው ግን አንድ መጋረጃ ብቻ ነው። «ያላት አንድ ልጅ። የእሱም ቤት በሴት ብቻ ተዘጋ ሲሏት በየት ልቧ ትቻለው?»

«አላህ ይርሐማት» አለች አጠገቧ የተቀመጠችው ሴት፣ በወተት የፈላውን ሆጃ ፉት ብላ። «ለመሆኑ ማን ነገራት?»

«ራሷ አይደለች እንዴ ሆስፒታል የነበረችው! አውጥተው ሲጥሉት እዚያው ቆማ ነበር።»

ከመጋረጃው ወዲህ መርዋ ጨቅላዋን ከጡቷ አላቀቀችና ትከሻዋ ላይ አስደገፈቻት። የሆዷ ስፌት ሲወጋት ከንፈሯን ነከሰች። ሐዘን ጨረሳቸው የተባሉት አማቷ አዴ ዙቤዳ ናቸው፤ ትናንት ተቀበሩ። አውጥተው ጣሉት የተባለው ደግሞ የእሷ የመርዋ ማህፀን ነው።

ከግቢው በር ፊት ለፊት የተተከለውን ድንኳን የሮቤ ንፋስ ያርገበግበዋል። ወንዶቹ ቁርኣን ሲቀሩ ይሰማል። ሴቶቹ ወደ ሳሎን እየገቡ «ረቢ ሰብሪ ሃኬኑ»፣ ጌታ ጽናቱን ይስጥ፣ ይላሉ፣ ያለቅሳሉ፣ አረፍ ይላሉ። አንዳንዷ ስትወጣ የመጋረጃውን ጫፍ ገለጥ ታደርጋለች።

«መርዋ፣ እንኳን አላህ በሰላም ገላገለሽ። ምንድን ነው?»

«ሴት ናት።»

«አልሐምዱሊላህ። ዋናው ጤና ነው።» መጋረጃው ይመለሳል።

«ሰብር ይስጥሽ» ያላት ግን አንድም ሰው የለም። ማን ይበላት? የዙቤዳን ምላስ የሮቤ ገበያ በሙሉ ያውቀዋል። እንዲህ ያለች አማት ሞተችባት ተብሎ ምራት አይጽናናም። መርዋ ራሷም ያዘነች ይሁን ያላዘነች አላወቀችም። እንባ እስኪመጣ ጠበቀች፤ የመጣው ወተቷ ብቻ ነበር።

ከአጋርፋ በሙሽርነት በመጣችበት ቀን አዴ ዙቤዳ በር ላይ ቆመው ከራሷ እስከ እግሯ አዩዋትና ለጎረቤታቸው «ምን ዓይነት ቀጭን ነው ያመጣልኝ! ይህ ንፋስ ለአንድ ክረምት አይተዋትም» አሉ። ከዚያ ወዲህ በስሟ ጠርተዋት አያውቁም። «ኒቲ ኢልማ ኮቲ» ነበር የሚሏት፤ የልጄ ሚስት። የልጄ ሚስት፣ በሩን ዝጊው። የልጄ ሚስት፣ ጨው አብዝተሻል። መርዋ እናቷ በልጅነቷ ስለሞቱባት ከአማቷ እናት አገኛለሁ ብላ ነበር የመጣችው። ሲርባት ያልጠየቀ ሰው የለም፤ ሲከፋት የጠየቀ ግን አልነበረም። የመጀመሪያዋ ልጅ ሳቢሪን ስትወለድ አዴ ዙቤዳ በግ አሳረዱ። ሁለተኛዋ ቢሊሱማ ስትመጣ ግን ጨርቁን ገለጥ አድርገው አዩና «ይቺም መጣች» ብለው ነጠላቸውን አጣፍተው ወደ ገበያቸው ሄዱ።

ገበያቸው ቅቤ ነው። በወጣትነታቸው ባላቸው ሲሞት ልጃቸው አብዱልፈታሕ፣ የዛሬው የመርዋ ባል፣ ገና ጡት አልጣለም ነበር። የሟች ወንድም መሀመድአወል እንደ ወጉ ከመሬቱና ከከብቱ ጋር ሚስቲቱንም ሊወርስ መጣ። «ላሞቹን ንዳ፣ እኔን ግን አትነዳኝም» አሉት ይባላል። የሲናናውን መሬት ወሰደው። እሳቸው ልጃቸውን አዝለው ሮቤ ገቡና ከጎባ ደጋ የሚወርደውን ቅቤ እየገዙ እየሸጡ ይህንን ቤት ሠሩ። መርዋ ይህን ከሰው ነው የሰማችው። አዴ ዙቤዳ ስለ ራሳቸው አያወሩም ነበር። መሀመድአወልም ከዚያ በኋላ ሐጂ ሆኑ፤ በመጀመሪያዋ ሚስታቸው ላይ ጂቱን አገቡ፤ ለበዓልና ለለቅሶ ወደዚህ ቤት ይመጣሉ። አሁንም ድንኳኑ ውስጥ ከፊት የተቀመጡት እሳቸው ናቸው።

ከሰዓት በኋላ ዝናብ ሲያካፋ መጋረጃው ተገለጠና ነጭ ነጠላ የለበሰች ወጣት ገባች። መርዋ ወዲያው አላወቀቻትም።

«ሩሃማ ነኝ። ጎባ ሆስፒታል፣ አዋላጇ» አለች ልጅቷ፤ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «የምኖረው እዚሁ ሮቤ ተከራይቼ ነው። ዛሬ ገና ሰማሁ። አላህ ያጽናሽ መርዋ። እናትሽን ነው ያጣሽው።»

መርዋ ከየት እንደመጣ የማታውቀው ሳቅ አመለጣት። «እናቴ?»

ሩሃማ ደነገጠች። «አማትሽ ነበሩ እንዴ? እኛ ሁላችን እናቷ ናቸው ብለን...» ከዚያ የምትሠራው እንዳጣ ሰው «ስፌቱን ልየው» አለች።

መርዋ ቀሚሷን ሰበሰበች። የዚያን ቀን ከምታስታውሰው ይልቅ የማታስታውሰው ይበዛል። ምጡ ቀላል ነበር፤ ጤና ጣቢያ ሄዳ ረፋዱ ላይ ወለደች። እንግዴ ልጁም ወጣ። «ሴት ናት» ሲሏት ፊቷን ወደ ግድግዳ አዞረች። ከዚያ ከሥሯ አንድ ነገር ሲሞቃት ተሰማት፤ ሙቀቱ አላቋርጥ አለ። አዋላጇ ሆዷን እየጫነች «ማህፀኗ አልኮማተር አለ» ብላ ስትጮህ ሰማች። አምቡላንስ። የጎባ መንገድ። ከመስኮቱ ውጭ የስንዴ ማሳ፤ ቢጫው እየነጣ፣ እየነጣ ሄደ። የአዴ ዙቤዳ ሻካራ እጅ ጉንጯን በጥፊ መታት፤ «ዓይንሽን አትክደኚ!» አሏት። በዚያ ሰዓት እንኳ ይመቱኛል ብላ አስባ ነበር። ከዚያ ወዲያ ምንም የለም።

ስትነቃ ማንም ምንም አልነገራትም። ከሆስፒታል በምትወጣበት ቀን፣ ጨርቃጨርቋን እየጠቀለሉ ሳለ፣ አዴ ዙቤዳ እንደ ዋዛ ጣል አደረጉት።

«ማህፀንሽ ወጥቷል። አውጡት ያልኩት እኔ ነኝ።»

«እኔ ሳልጠየቅ?»

«የት ነበርሽና ትጠየቂ?»

«ለልጅዎ ሌላ ሊድሩለት ነው!» ብላ ጮኸች መርዋ። የክፍሉ በሽተኞች ሁሉ ዞረው አዩዋቸው። «ወንድ አልወለደችም ብለው ነው ያስጣሉብኝ!»

አዴ ዙቤዳ ጥቅሉን ቋጠሩት። «ለአንቺ ብዬ ያደረግሁት የለም። ሦስት የሙት ልጅ በዚህ ጉልበቴ ማን ያሳድግልሃል?» ለልጃቸው የሚናገሩ ይመስል ነበር፤ ልጃቸው ግን እዚያ አልነበረም።

ከዚያ በኋላ መርዋ ከ«እሺ» በቀር ቃል አላወጣችላቸውም። አዴ ዙቤዳ በየጠዋቱ ቅቤ የዋጠ ገንፎ ያመጣሉ፤ በልታ እስክትጨርስ በር ላይ ይቆማሉ፤ ሳህኑን አንስተው ይሄዳሉ። መርዋ ደግሞ «እያዩኝ እንድበላ የሚያደርጉት ለልጃቸው ልጅ ወተት ብለው ነው» እያለች ትውጣለች። እንዲህ እያሉ ሰነበቱ። አንድ ቀን ገንፎው ዘገየ። ሳቢሪን መጥታ ስለ አያቷ «አኮ ሱጁድ ላይ እንቅልፍ ወሰዳት» አለች። ግንባራቸው መስገጃው ላይ እንደነበረ ነው ያገኟቸው።

«ቁስሉ ደህና ነው» አለች ሩሃማ። «ምንም ከባድ ነገር እንዳታነሺ።» ቀሚሷን አለበሰቻት። አልተነሳችም። «ከተናገርኩ አይቀር ልጨርሰው። እናትሽ መስለውን የነበረው ለምን እንደሆነ ታውቂያለሽ? ያን ሁሉ ሰዓት እኔ ተረኛ ነበርኩ። ደም ሲያስፈልግ መጀመሪያ የራሳቸውን ክንድ ነው የዘረጉት። ‹አርጅተዋል፣ አይሆንም› ስንላቸው በባዶ እግራቸው ወደ ውጭ ሮጡ። ጫማቸው የት እንደወደቀ አላውቅም። በር ላይ የባጃጅ ሾፌሮች ተሰልፈው ነበር። ‹ኢንተላኮ! ኢንተላኮ ደሟ አለቀ! ወንድ የለም ወይ እዚህ አገር?› እያሉ ነጠላቸውን መሬት ላይ አነጠፉ። አራት ልጆች በኮሌታቸው ይዘው አመጡ፤ እውነቴን ነው፣ አንዱ እያለቀሰ ነበር።»

ኢንተላኮ። ልጄ። መርዋ ቃሉን በዚያ ድምፅ ልታስበው ሞከረች፤ አልመጣላትም።

«ለደሙ ብለው ነው» አለች። «የልጄ ሚስት ናት ቢሉ ማን ይሰጣቸዋል?»

«ሊሆን ይችላል» አለች ሩሃማ፤ አልተከራከረችም። «ግን ደሙም አልበቃም። ዶክተሩ ወጥቶ ‹ማህፀኑ ካልወጣ አትተርፍም፣ የቤተሰብ ፈቃድ እፈልጋለሁ› አላቸው። ለባልሽ ደወሉ፤ አይሠራም።»

«ስንዴ ጭኖ ሻሸመኔ መንገድ ላይ ነበር።»

«ከዚያ አንድ ሽማግሌ ደወሉ። አማትሽ ጆሯቸው አልሰማ ስለሚላቸው ስልኩን ጮክ አድርገው ነበር የሚያወሩት፤ እኔም ኦሮምኛ እሰማለሁ። ባሏ ሳይመጣ እንዳታስነኪ አሉ። ሴት ልጅ ያለ ማህፀን ምንድን ናት፣ አላህ ካለ ትተርፋለች፣ ካላለም የአላህ ነው አሉ።»

«አዴስ?»

ሩሃማ መጋረጃውን ዘወር ብላ አየች። «‹መሀመድአወል፣ ባሌ ሲሞት ቤቴን ልትወርስ መጣህ፤ አሁን የማንን ሬሳ ትወርሳለህ?› ብለው ጆሮው ላይ ዘጉት። ከዚያ ወደ ዶክተሩ ዞረው ‹አውጣው። ነገ የሚመጣውን ጠብ እኔ እችለዋለሁ› አሉት።»

ሩሃማ ከሄደች በኋላ መርዋ ለረጅም ጊዜ ጣሪያውን እያየች ተኛች። ይህን ለምን አልነገሯትም? በዚያ በሽተኛ በሞላበት ክፍል ውስጥ ስትጮህባቸው አንዲት ቃል ይበቃ ነበር። ግን እሳቸው መቼ ለማን ማብራሪያ ሰጥተው ያውቃሉ? ተናደደች። በሟች መናደድ ነውር መሆኑን እያወቀች ተናደደች፤ ጥለዋት ስለሄዱ፣ ጠቡን እችለዋለሁ ብለው ሳይችሉት ስለሄዱ።

ጠቡ በማግስቱ፣ በሰደቃው ቀን መጣ። በሬው ታርዶ፣ ሰው በልቶ፣ ዱዓ ተደርጎ እንግዳው ሲሳሳ ሐጂ መሀመድአወል ወደ ሳሎኑ ገቡ። አብዱልፈታሕን አጠገባቸው አስቀመጡ። ጂቱ በር ላይ ቆመች። መርዋ ከመጋረጃው ወዲህ ሁሉንም ትሰማለች፤ እንደምትሰማም ያውቃሉ።

«ልጄ» አሉ ሐጂ። «እናትህ አላህ ይርሐማት አደራ ጥላብኛለች። ከመሞቷ በፊት በስልክ አውርተናል። ‹የልጄ ቤት ያለ ወንድ እንዳይቀር› ብላኛለች። ይህ ወሲያ ነው። የሟች ቃል ነው።»

አብዱልፈታሕ አንገቱን ደፋ። በኅዳር ውርጭ ጭነት ሲያወጣ ሲያወርድ ያደገ ትልቅ ሰውነት ያለው ሰው ነው፤ በአጎቱ ፊት ግን ሁልጊዜ ትከሻው ይጠባል።

«የጂቱ እህት አለች፣ ሲናና የምትኖር። ጨዋ ልጅ ናት። መርዋን ማን ፍታ አለህ? ሸሪዓው ፈቅዶልሃል፣ አቅሙም አለህ። ልጆቿን ይዛ ትቀመጥ።»

«እኔም በሰው ላይ ነው የገባሁት» አለች ጂቱ፣ ወደ መጋረጃው ከፍ አድርጋ። «ማንም አልሞተም።»

መርዋ ግድግዳውን ይዛ ተነሳች። ጨቅላዋን አልጋው ላይ ትታት መጋረጃውን ገለጠች። አራስ ሴት በባዶ እግሯ በቀዝቃዛው ሲሚንቶ ላይ ቆማ ሲያዩ ሐጂ ዓይናቸውን መለሱ።

«ሐጂ፣ አዴ በስልክ ያናገሩዎት መቼ ነው?»

«ግቢ ልጄ፣ ብርድ ይመታሻል። የአራስ ጭንቅላት...»

«ጎባ ሆስፒታል ኮሪደር ላይ ነው። ከዚያ በኋላ ለእርስዎ ስልክ አንስተው አያውቁም። ልጆቼን የሙት ልጅ ሊያደርጉ ‹እንዳታስነኪ› ያሏቸው ያን ጊዜ ነው። አላሉም?»

«ምን ትላለች ይቺ?» ሐጂ ወደ አብዱልፈታሕ ዞሩ። «እኔ ባሏ እስኪደርስ ታገሱ ነው ያልኩት! ይህ ጥፋት ነው?»

ከአፋቸው ከወጣ በኋላ ነው የገባቸው። አብዱልፈታሕ ቀስ ብሎ ቀና አለ።

«ያን ዕለት ሻሸመኔ ነበርኩ» አለ። «የደረስኩት በማግስቱ ነው።»

ወደ አጎቱ ዞረ።

«አዴ ምን አለችህ ያኔ?»

ሐጂ መቁጠሪያቸውን ከኪሳቸው አወጡ፣ መልሰው ከተቱት። መርዋ መለሰችለት። የእናቱን ቃል እንደሰማችው፣ ሬሳውንም ሳትቀንስ፣ ነገረችው። ጂቱ አፏን በሻሿ ጫፍ ያዘች።

«በለቅሶ ቤት እንዲህ ያለ ነገር አይወራም» አሉ ሐጂ፤ ተነሡ። «ሰው ነው የምቀበለው፣ ድንኳን እሄዳለሁ።» ሰው ግን ሄዶ አልቆ ነበር። ድንኳኑን የሚፈቱት ልጆች ካስማውን መንቀል ጀምረዋል።

ባልና ሚስቱ ብቻቸውን ቀሩ። አብዱልፈታሕ ፊቱን በሁለት መዳፉ ያዘ።

«ለምን አልነገርሽኝም?»

«እኔም የሰማሁት ትናንት ነው። አንተስ ለምን አልጠየቅህም? ስትመጣ መጀመሪያ የጠየቅኸው ወንድ ነው ሴት ብለህ ነው።»

አልካደም። እንደሚያለቅስ ገመተች፤ አላለቀሰም።

«በአጎቴ አፍ አላገባም» አለ በመጨረሻ። «እሱ የመረጣትን ይህ ቤት አያስገባም።»

መርዋ ጠበቀች። የቀረውን እንዲለው ፈለገች።

«ግን ልዋሽሽ አልችልም፣ መርዋ። ወንድ ልጅ እፈልጋለሁ። አሁን አይደለም። አንድ ቀን ግን... አላውቅም። አላህ ያውቃል።»

አንድ ቀን። ያን ቀን በዚህ በር ላይ ቆሞ ምላሱን የሚስልበት ማን ነው? አዴ ዙቤዳ ቢኖሩ ለልጃቸው ይቆማሉ ወይስ ለእሷ? ትናንት ብትጠየቅ ለልጃቸው ትል ነበር። አሁን የምትጠይቀው ሰው የለም። የሚያውቁት እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ እሳቸውም ከሮቤ ጭቃ ሥር ናቸው።

«ነገ ጭነት አለኝ» አለ አብዱልፈታሕ።

«እሺ» አለችው። ለእናቱ ትለው እንደነበረው።

እሱ ድንኳን ለማስፈታት ወጣ። መርዋ ግድግዳውን እየተደገፈች ወደ አዴ ዙቤዳ ክፍል ሄደች። በሩ ተከፍቶ ጂቱ የሟቿን ልብስ እያጣጠፈች ከረጢት ውስጥ ትከታለች። ፍራሹ ተጠቅሎ ግድግዳ ላይ ቆሟል። አልጋው ባዶ ገመድ ሆኗል።

«ለሚስኪኖች ነው» አለች ጂቱ ሳታያት። ድምጿ የቅድሙ አልነበረም። «ዛሬ ይውጣ ብለዋል ሐጂ። ሲቆይ አይወደድም።»

ከክምሩ ላይ የአዴ ዙቤዳ ሹራብ አለ፤ ቡናማ፣ ክርኑ ላይ በሌላ ቀለም ክር የተሰፋ፣ ክረምት ከበጋ ከላያቸው የማይወልቅ። መርዋ አነሣችው።

«እሱ ተቆጥሯል እኮ» አለች ጂቱ። «ለሰደቃ...»

መርዋ አልመለሰችም። አንድ እጇን አስገባች፤ ሌላው እጇ ሲዘረጋ ስፌቱ ወጋትና ቆም አለች። ጂቱ ከረጢቱን ለቀቀች፣ ተነሣችና ከኋላዋ ሆና እጅጌውን ያዘችላት። ሹራቡ ለመርዋ ሰፍቷታል፤ እጅጌው ግን አጥሮ ከአንጓዋ በላይ ቀርቷል። ከወዲያኛው ክፍል ጨቅላዋ ማልቀስ ጀመረች። ከግቢው የድንኳን ብረት መሬት ላይ ሲወድቅ ተሰማ።

መርዋ ከታች ጀምራ ቁልፎቹን ቆለፈች፤ ከስፌቷ በላይ፣ ወተት ካረጠበው ደረቷ በላይ፣ እስከ አንገቷ። አንዱ ቁልፍ ጠፍቶ በመርፌ ቁልፍ ተይዞ ነበር። እሱንም ቆለፈችው።